ማሃባራታን ለአማርኛ ቴሌቪዥን እንዴት እንጻፈው?

እዚህ ደብረ ብርሃን ድራማ የሚጽፉ ልጆች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ያንን የህንዶች ጥንታዊ ታሪክ፣ ማሃባራታን፣ በአማርኛ ተከታታይ ድራማ አድርገን ብንሠራው ያስኬዳል ወይ? ያስኬዳል። እንዲያውም ለሰሜን ሸዋ ተመልካች ከዚህ የቀረበ የሩቅ አገር ታሪክ አላውቅም። የወንድማማች ልጆች በአባት ርስት ይጣላሉ። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ያውቁታል፤ ግን አንዱን መሐላው አስሮታል፣ አንዱን የልጁ ፍቅር አሸንፎታል፣ አንዱ ደግሞ እንጀራው ከባለጥፋቱ ቤት ነው። በመጨረሻ ሁሉም ያልቃል። ይሄንን ለመንዝ፣ ለተጉለት፣ ለቡልጋ ሰው ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው። ታሪኩ ግዙፍ ነው። 18 መጻሕፍት አሉት፤ በውስጣቸው 100,000 ገደማ ባለ ሁለት ስንኝ ግጥሞች። ሌላው ታላቅ የህንድ ታሪክ ራማያና እንኳ 24,000 ገደማ ነው። ስለዚህ «እንዴት እናሳጥረው» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሁለት ዓመት ስታሳጥሩ ትኖራላችሁ። ጥያቄው «ምኑን እንያዝ» ነው።

የኔን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የታሪኩ እምብርት ጦርነቱ አይደለም። እምብርቱ አንዲት ሴት አደባባይ ላይ የጠየቀችው፣ ከተሰበሰቡት ታላላቆች አንድም ቁርጥ አድርጎ ያልመለሰላት የሕግ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ወደዚያ አዳራሽ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የዚያ ዝምታ ዕዳ ነው። ይሄንን ከያዛችሁ ምኑ እንደሚቆረጥና ምኑ እንደሚቀር ራሱ ይነግራችኋል።

ለማያውቀው ባጭሩ

በሃስቲናፑራ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ድሪታራሽትራ ዓይነ ስውር ሆኖ ስለተወለደ ዙፋኑ ለታናሹ ለፓንዱ ሆነ። በኋላ ግን ፓንዱ ጫካ ገብቶ ሞተና አገሩ በዓይነ ስውሩ እጅ ቀረ። የፓንዱ አምስት ልጆች ፓንዳቫ፣ የድሪታራሽትራ መቶ ልጆች ካውራቫ ይባላሉ። አምስቱ ድራውፓዲ የምትባል ልዕልት በጋራ አገቡ፤ ከአገሩ ተከፍሎ የተሰጣቸውን ጫካ መንጥረው ውብ ከተማ ሠሩ። የመቶዎቹ ታላቅ ዱርዮዳና በቅናት ነደደ። አጎቱ ሻኩኒ ቁማርተኛ ነው፤ ፓንዳቫዎችን ቁማር ጋበዙና ከአምስቱ ታላቁ ዩዲሽቲራ ሀብቱን፣ አገሩን፣ ወንድሞቹን፣ ራሱን፣ በመጨረሻ ሚስቱን አስይዞ ተበላ። ከዚያ 12 ዓመት ስደት፣ 13ኛው ዓመት ተደብቆ መኖር። ሲመለሱ «አምስት መንደር ብቻ ስጡን» አሉ። ዱርዮዳና የመርፌ ጫፍ የምታርፍበት መሬት እንኳ አልሰጥም አለ። ጦርነቱ 18 ቀን ፈጀ። የተረፈው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

የሠሩትን ሰዎች ሥራ እዩ

እ.ኤ.አ. በ1987 የህንድ መንግሥት ጣቢያ ዶርዳርሻን የራማናንድ ሳጋርን «ራማያን» በየእሑዱ ጠዋት ማሳየት ጀመረ። 78 ክፍል ሄደ። ሰዓቱ ሲደርስ መንገዱ ጭር ይል ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ላይ የአበባ ጉንጉን የሚያደርጉ ቤተሰቦች ነበሩ። ቀጥሎ ከ1988 እስከ 1990 የቢ. አር. ቾፕራ «ማሃባራት» በ94 ክፍል መጣ። በ2013 ደግሞ ስታር ፕላስ የሚባለው ጣቢያ ያንኑ ታሪክ በ267 ክፍል አስጀመረው። ልዩነቱን ልብ በሉ። አንዱ በሳምንት አንዴ የሚታይ ነው፤ ሌላው በሳምንት ብዙ ቀን የሚታይ፣ የሰው ፊት ላይ ረጅም ጊዜ የሚቆይ። ርዝመቱን የሚወስነው ታሪኩ ብቻ ሳይሆን ጣቢያው የሚሰጣችሁ ሰዓት ነው። እኛ አገር ተከታታይ ድራማ ባብዛኛው ሳምንታዊ ስለሆነ እኔ የምመክረው ሦስት ምዕራፍ፣ እያንዳንዱ 13 ክፍል ነው። የመጀመሪያው በቁማሩ ይዘጋ። ሁለተኛው ስደቱ ይሁን። ሦስተኛው ድርድሩ፣ ጦርነቱና ለቅሶው።

ከቾፕራ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር። ቃለ ተውኔቱን የጻፈው ራሂ ማሱም ራዛ የሙስሊም ቤተሰብ ልጅ፣ የኡርዱ ገጣሚና ልብ ወለድ ጸሐፊ ነበር። የሌላውን ሃይማኖት ቅዱስ ታሪክ አክብሮ፣ አጥንቶ ጻፈውና ሕዝቡ የራሱ አድርጎ ተቀበለው። እኛም የክርስቲያንና የእስላም ልጆች ሆነን ስንነሳ መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። ፒተር ብሩክ የሚባለው እንግሊዛዊ አዘጋጅ ደግሞ በ1985 ፈረንሳይ፣ አቪኞ ላይ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ የመድረክ ማሃባራታ አቀረበ፤ በኋላም ለስክሪን ቀረጸው። ተዋንያኑ ከብዙ አገር የተሰባሰቡ ናቸው። የሁሉም አያት የሆነውን ቢሽማን የተጫወተው ሶቲጊ ኩያቴ ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ ከታሪክ ነጋሪዎች ቤተሰብ የተወለደ። «የእኛ ፊት ለዚህ ታሪክ ይሆናል ወይ?» ብሎ የሚጨነቅ ካለ ይሄ ይበቃዋል።

ስታዩ ግን ቃለ ተውኔታቸውን እንዳትወስዱ። ጥንታዊው ታሪክ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ ተከታታይ ድራማዎቹ ግን ባለቤት አላቸው። መነሻችሁ ጽሑፉ ራሱ ይሁን። በእንግሊዝኛ ለምታነቡ የኪሳሪ ሞሃን ጋንጉሊ ትርጉም አለ። ከ1883 እስከ 1896 የታተመ ነው፤ የቅጂ መብቱ ዘመን ስላለፈ በነፃ ይገኛል። እንግሊዝኛው ያረጀ ነው፣ ታገሡት።

ስታነቡ አንድ ደብተር ያዙና መሐላዎችን ብቻ መዝግቡበት። ማን ማለ፣ በማን ፊት ማለ፣ መሐላው በኋላ ማንን ገደለ። ቢሽማ አባቱ የዓሣ አጥማጁን ልጅ እንዲያገባ ብሎ ዙፋንም ሚስትም ላይኖረኝ ብሎ ይምላል። የድሪታራሽትራ ሚስት ጋንዳሪ ባሏ ዓይነ ስውር መሆኑን ስትሰማ የራሷን ዓይን በጨርቅ ታስራለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ። ከአምስቱ ፓንዳቫዎች አንዱ ቢማ የዱርዮዳናን ጭን እሰብራለሁ ይላል። ሌላው ወንድም አርጁና ልጁ አቢማንዩ ሲገደልበት ነገ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሞቱ ምክንያት የሆነውን ጃያድራታን ካልገደልኩ እሳት እገባለሁ ይላል። ይሄ ደብተር ሲሞላ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ግማሹ ተሠራ ማለት ነው፤ የሸዋ ሰው መሐላ ሲሰማ ጆሮው ይቆማልና።

ከየት እንጀምር?

ከቢሽማ አያቶች አትጀምሩ። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚያ ነው፤ ተመልካቹ ስም በስም ላይ ሲደረብበት ጣቢያ ይቀይራል። ታሪኩ ራሱ ጥሩ በር አለው። የአርጁና የልጅ ልጅ ልጅ የሆነው ንጉሥ ጃናሜጃያ አባቱን እባብ ነድፎ ስለገደለበት የዓለምን እባብ ሁሉ ሊያቃጥል ትልቅ እሳት አንድዶ ተቀምጧል። እዚያ ማሃባራታን ደረሰ የሚባለው የጠቢቡ ቪያሳ ደቀ መዝሙር ይመጣና ንጉሡ «የአያቶቼን ጠብ ንገረኝ» ይለዋል። ማሃባራታ የሚተረከው በዚያ እሳት ዳር ነው። በቀሉን በማውጣት ላይ ያለ ሰው በቀል ቤተሰቡን እንዴት እንደጨረሰ ይሰማል። አንድ እሳት፣ ሁለት ተዋንያን፣ ጨለማ። ለመቅረጽ ርካሽ ነው፤ በየክፍሉ መጀመሪያ ወደዚያ መመለስም ይቻላል። በታሪኩ መጨረሻ እሳቱ እባቦቹ ሳያልቁ ይቆማል፤ ይሄንን ለመጨረሻው ክፍል አቆዩት።

ከእሳቱ ቀጥታ ወደ ቁማሩ አዳራሽ ግቡ። መልእክተኛው ድራውፓዲን ሊጠራ ሲሮጥ አሳዩ፣ እዚያው ቁረጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ። ቀሪዎቹ ክፍሎች ወደዚያ አዳራሽ የመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያስገቡልን። ቢሽማ ለምን ዝም ይላል? የዱርዮዳና ጓደኛ ካርና ለምን ይጨክናል? ዓይነ ስውሩ ንጉሥ ለምን «አቁሙ» አይልም? ለእነዚህ መልስ የማይሆን የኋላ ታሪክ ሁሉ፣ የፈለገ ቢያምር፣ ይቅር።

የአዳራሹ ትዕይንት

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እንቆይ፤ ሌላው ቢበላሽ እንኳ ይሄ መበላሸት የለበትም።

ዩዲሽቲራ ተበልቷል። ዱርዮዳና ድራውፓዲን አምጧት ብሎ መልእክተኛ ይልካል። ሴትየዋ በውስጥ ቤት ነች፤ የወር አበባዋ ላይ ነች፤ አንድ ልብስ ብቻ ነው የለበሰችው። በጽሑፉ ላይ አታለቅስም፤ መጀመሪያ የምታደርገው ጥያቄ መጠየቅ ነው። እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

መልእክተኛ፦ እመቤቴ፣ ከአዳራሹ ይጠሩዎታል። ንጉሡ በቁማር እርስዎን አስይዘው ተበልተዋል።

ድራውፓዲ፦ እኔን ከማስያዛቸው በፊት ምን አስይዘው ነበር?

መልእክተኛ፦ ሀብታቸውን። አገሩን። ወንድሞቻቸውን አንድ በአንድ። ከዚያ ራሳቸውን።

ድራውፓዲ፦ ራሳቸውን?

መልእክተኛ፦ አዎ፣ እመቤቴ።

ድራውፓዲ፦ ተመለስና ጠይቀው። መጀመሪያ የተበላኸው አንተ ነህ ወይስ እኔ ነኝ፣ በለው። መልሱን ሳትይዝ እንዳትመጣ።

ባሏን «እሳቸው» ስትል ቆይታ «ጠይቀው» ላይ አንተታ ትገባለች። ተዋናይቷ ድምፅዋን ከፍ ማድረግ አያስፈልጋትም፤ አማርኛው ሥራውን ሠርቶላታል። መልእክተኛው ሄዶ ይጠይቃል። ዩዲሽቲራ አይመልስም። ዱርዮዳና «እዚሁ መጥታ ትጠይቅ» ይላል። ካሜራው ከመልእክተኛው አይለይ። ያንን ኮሪደር ሲመላለስ እናየዋለን፤ በመጨረሻ ሲታዘዝ እግሩ አልንቀሳቀስ ይላል፤ ወደ ታላላቆቹ ዞሮ «ምን ልበላት?» ይላል። ዝቅተኛው ሰው ብቻ ነው የሚያፍረው። ሙዚቃ አታስገቡበት። ከዚያ ነው ዱርዮዳና ወንድሙን ዱሻሳናን የሚልከው፤ እሱም ፀጉሯን ይዞ እየጎተተ ያመጣታል።

አዳራሹ ውስጥ የሚሆነው ለእኛ ጆሮ ሙግት ነው፤ ስለዚህ እንደ ሙግት ጻፉት። የድሮዎቹ አያቶቻችን ችሎት ፊት በበልሃ ልበልሃ ሲሟገቱ ቃሉ ስንኝ ነበረው፣ ዘንግ ይወዘወዝ ነበር፣ በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በማር ውርርድ ይገቡ ነበር። ክርክርና ውርርድ አንድ አደባባይ ላይ መገናኘታቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የድራውፓዲ ክርክር ጥርት ያለ ነው። ራሱን የተበላ ሰው ባሪያ ነው፤ ባሪያ ንብረት የለውም፤ ንብረት የሌለው ሰው ደግሞ ሌላውን ማስያዝ አይችልም።

«ተጠየቁ፣ ሽማግሌዎች! ባሪያ የሆነ ሰው ምን አለው? ምንም የሌለውስ ሰው ምን ያስይዛል?»

ሌላው ወገንም ክርክር አለው። ባል ባሪያም ቢሆን ሚስቱ የእሱው ናት ይላሉ። ይሄንን ደካማ አድርጋችሁ እንዳትጽፉት። ቢሽማ፣ ከሁሉም የተማረው፣ ነገሩ ረቂቅ ነው፣ ልፈርድ አልችልም ይላል። ከመቶዎቹ ወንድማማቾች ቪካርና የተባለው ወጣት ብቻ ተነሥቶ «አልተበላችም» ይላል፤ ካርና በቁጣ ያስቀምጠዋል። ቪዱራ፣ ከአገልጋይ ሴት የተወለደው አጎት፣ ይለምናቸዋል፤ ማን ሰምቶት። ተመልካቹ ቤት ቁጭ ብሎ «መልሱላት እንጂ!» ብሎ ካልጮኸ ትዕይንቱን ድጋሚ ጻፉት።

ልብሷን የመግፈፉ ነገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጽሑፉ ላይ ዱሻሳና ይጎትታል፣ ልብሱ አያልቅም፣ ክምር ይሆናል፣ በመጨረሻ ደክሞትና አፍሮ ይቀመጣል። እናንተ የሚታየውን የሴት ገላ አታድርጉት። የጎታቹን እጅ አሳዩ፣ የሚከመረውን ጨርቅ፣ መሬት መሬት የሚያዩትን የታላላቆቹን ፊት። ብልጭልጭ የኮምፒውተር ብርሃን አይጨመር። ረጅም ጨርቅ ብቻ ይበቃል።

አንድ የማስጠነቅቃችሁ ነገር አለ። በብዙ ቦታ ስትሰሙ ድራውፓዲ ዱርዮዳናን «የዕውር ልጅ ዕውር» ብላ ስለሰደበችው ነው ይሄ ሁሉ የመጣው ይባላል። በጥንቱ የሳንስክሪት ጽሑፍ ውስጥ ይሄ ስድብ የለም። ዱርዮዳና በአዲሱ ቤተ መንግሥት የሚያብረቀርቀው ወለል ውኃ መስሎት፣ ውኃው ደግሞ ወለል መስሎት ሲወድቅ ቢማና ወንድሞቹ ይስቁበታል። ስድቡን ከጨመራችሁት ጥፋቱን ቀስ አድርጋችሁ ከወንዶቹ ወደ እሷ ታዞራላችሁ። አትጨምሩት።

አምስት ባል ማግባቷስ? ይሄ እኛ ተመልካች ዘንድ እንደሚያስደነግጥ ግልጽ ነው። አትደብቁት። በታሪኩ ውስጥም ያስደነግጣል፤ አባቷ ድሩፓዳ ራሱ ይሄ ነውር ነው፣ ሕግም አይደለም ብሎ ይከራከራል፣ ቪያሳ መጥቶ ያስረዳዋል። የተመልካቹን ጥያቄ ለድሩፓዳ ስጡት። ገጸ ባህሪው ከጠየቀለት ተመልካቹ ይረጋጋል።

ካርናን አደራ

ካርናን የዱርዮዳና ጓደኛ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታልፉት። የአርጁና እናት ኩንቲ ሳታገባ ከፀሐይ አምላክ ወለደችው። ፈርታ ሣጥን ውስጥ አድርጋ ወንዝ ላይ ለቀቀችው፤ የሙሴን ታሪክ ከልጅነቱ የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ጋ ልቡ ይነካል። ሠረገላ ነጂና ሚስቱ አግኝተው አሳደጉት። ጎልምሶ አርጁናን ልግጠም ብሎ አደባባይ ሲወጣ የሚጠየቀው ስለ ችሎታው አይደለም። የማን ልጅ ነህ? ነው የሚሉት። አሳዳጊ አባቱ በላብ ተጠምቆ፣ በበትሩ እየተደገፈ ይገባል፤ ካርና ዘውድ የተጫነበትን ራሱን ዝቅ አድርጎ ይሰግድለታል። ያን ጊዜ ነው የሚሳቅበት።

እኛ አገር ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን «ባለእጅ» እያለ ጋብቻ የነፈገ፣ በቡዳነት የጠረጠረ ብዙ ቤት አለ። ማረሻውን ከእሱ ገዝቶ ልጁን ግን አልድርለትም ብሎ። ይሄ ትዕይንት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሲታይ ዝም የሚል ሳሎን ይኖራል፤ ደግሞም ይገባዋል። ለካርና ዘውድ የሰጠው ማን እንደሆነም አትርሱ። ዱርዮዳና ነው። ክፉው ሰው በታሪኩ ውስጥ አንዱን ደግ ነገር ያደርጋል፣ ካርናም እስከ ሞቱ በዚያ ይታሰራል። ከጦርነቱ በፊት የፓንዳቫዎቹ ወዳጅ ክሪሽና የማን ልጅ እንደሆነ ነግሮት «ና፣ ዙፋኑ ያንተ ነው» ሲለው እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ኩንቲ ራሷ ስትመጣም «አምስት ልጅ ይኖርሻል፣ ወይ ከአርጁና ጋር ወይ ከእኔ ጋር» ይላታል። ይሄንን ንግግር ለሁለት ተዋንያን ስጡና ካሜራውን አቁሙት።

ቋንቋና ስም

ስሞቹ ያደናግራሉ። ቢማና ቢሽማ አንድ ክፍል ውስጥ ሲጠሩ ሰው ይምታታበታል። ቢሽማን በታሪኩም ቢሆን ሁሉም አያት ነው የሚለው፤ እናንተም «አያቴ» አስብሉ። ድሪታራሽትራን ተራኪው «ዓይነ ስውሩ ንጉሥ» ይበለው። ሁሉንም ስም በአማርኛ ስም ግን አትተኩ፤ ክሪሽና ክሪሽና ነው፣ ሃስቲናፑራም አንኮበር አይደለችም። «ጋሼ»ና «እትዬ» ሰፈር ያስታውሳሉ፣ ተዋቸው። «ወንድሜ»፣ «እናቴ»፣ «አያቴ» ግን ዘመን የላቸውም። የአራዳ ቃልም፣ የግዕዝ ቅኔም አይብዛ። የገጠር አዛውንት ሲያወራ የሚሰማው ለስላሳ፣ ግን ክብደት ያለው አማርኛ ነው የሚያስፈልገው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን አማርኛ ያለውን ሀብት ሁሉ አውጡ። አንደኛው ፉከራ ነው። ቢማ አዳራሹ ውስጥ ሲምል ዘራፍ ያለበት ፉከራ ይሁን፣ አዲስ የተገጠመ። ሁለተኛው ለቅሶ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ሴቶቹ ሜዳው ላይ ወጥተው ሬሳ ይለያሉ። ጋንዳሪ ዓይኗ እንደታሰረ በተሰጣት መለኮታዊ እይታ የመቶ ልጆቿን አስከሬን ታያለች፤ ክሪሽናን «ማስቆም ስትችል ዝም አልክ» ብላ በ36ኛው ዓመት ወገንህ እርስ በርሱ ይለቅ ብላ ትረግመዋለች። ይሄ ሙሾ ነው። መንዝ ወርዳችሁ የሚያለቅሱ እናቶችን በፈቃዳቸው ስሙ። የሟቹን ስም እንዴት እንደሚጠሩ፣ የፈረሱን፣ የእጁን፣ የልብሱን ነገር እንዴት እያነሱ እንደሚያወርዱ አድምጡ። ግጥማቸውን አትውሰዱ፣ ዜማውንና አካሄዱን ተማሩ።

ስደቱ ደግሞ ሰው የሚስቅበት ክፍል ስላለው ደስ ይበላችሁ። በ13ኛው ዓመት በንጉሥ ቪራታ ቤት ተደብቀው ሲኖሩ ጉልበተኛው ቢማ ወጥ ቤት ይገባል፣ አርጁና ሴት ልብስ ለብሶ ጭፈራ ያስተምራል፣ ድራውፓዲ የንግሥቷን ፀጉር ትሠራለች። ለሳምንታዊ ድራማ ይሄ ወርቅ ነው፣ አታሳጥሩት።

ጦርነቱን በትንሽ ገንዘብ

ዝሆንና ሠረገላ ከየት ይመጣል? አይምጣ። ታሪኩ ራሱ መፍትሔ አለው። ሳንጃያ የሚባል የቤተ መንግሥት ሰው ሁሉን የሚያይ ዓይን ተሰጥቶት ጦርነቱን ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ ይተርክለታል። የጦርነቱ መጻሕፍት የተጻፉት በዚህ መልክ ነው። አካሄዱም ልብ ይሰቅላል። ሳንጃያ ይመጣና መጀመሪያ «ቢሽማ ወደቀ» ይላል፤ ንጉሡ ይጮኻል፤ ከዚያ አሥሩ ቀን እንዴት እንደሄደ ወደ ኋላ ይተረካል። ቀጥሎ መምህራቸው ድሮና ጦሩን አምስት ቀን መርቶ ወደቀ ይባላል። ካርና ሁለት ቀን። ሻልያ አንድ ቀን። እያንዳንዱ መርዶ አንድ ክፍል ሊከፍት ይችላል። እዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ጸሐፊ ይሄንን ክፍል ማንም አያሳየውም።

ስለዚህ የጦርነቱን ግማሽ በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ በአንድ አዛውንት ጆሮ ቅረጹት። ለውጪው ትዕይንት ጥቂት ነገር ብቻ ምረጡ፦ አቢማንዩ የተከበበበት፣ የካርና ሠረገላ መንኮራኩር ጭቃ የያዘበት፣ የዱርዮዳና ጭን የተሰበረበት። ሠረገላውን ደብረ ብርሃን ጋሪ የሚሠራ አናጢ ይሠራላችኋል፤ አንድ ይበቃል። ፈረሱና ሜዳው እዚሁ አለ። ጦርነቱ የተካሄደበት ኩሩክሼትራ ግን ሞቃት ሜዳ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠዋት ብትቀርጹ የተዋናዩ ትንፋሽ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ረፈድ ሲል ጀምሩ፣ ወይም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ውረዱ። ለስደቱ ጫካ የወፍ ዋሻን ጥድና ዝግባ የሚያህል የለም። የአካባቢውን ጽሕፈት ቤት አስፈቅዱ፣ ዛፍ አትቁረጡ፣ እሳት አታንድዱ።

እምነቱን ስለማክበር

ይሄ ታሪክ ለሚሊዮኖች ተረት አይደለም፣ ቅዱስ ነው። ክሪሽና የሚመለክ አምላክ ነው። በእኛ ቅዱሳት መጻሕፍት ላይ ሌላው ሰው እንዲያደርግ የማንፈልገውን እኛም አናድርግ። መልአክም፣ ጠንቋይም አድርጋችሁ አትተርጉሙት። ብሃጋቫድ ጊታ የሚባለው ባለ ሁለት ስንኝ 700 ግጥም ጦርነቱ ሊጀመር ሲል በሁለቱ ሠራዊት መካከል ነው የሚነገረው፤ እሱን መዝለል አይቻልም። ስብከትም አታድርጉት። አርጁና ማዶ ያሉት አያቱና መምህሩ መሆናቸውን አይቶ ቀስቱ ከእጁ ወድቋል። ጓደኛው ክሪሽና ያነጋግረዋል። አንድ ክፍል ሙሉ ስጡትና በአርጁና ፊት ላይ ቆዩ፤ ጥያቄው ሳይመለስ ወደሚቀጥለው ሐሳብ አትሂዱ። ስክሪፕቱ ሲያልቅ ሃይማኖቱን የሚያውቅ የህንድ ሰው ያንብበው፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሊሆን ይችላል፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። የሚላችሁን ጻፉ፣ አስተካክሉ።

ወደ ጣቢያ ከመሄዳችሁ በፊት

ስክሪፕቱን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ተዋናይ ላልሆኑ ሰዎች፣ በተለይ ለአዛውንቶች። የአዳራሹን ክፍል አንብቡና ከመልሱ በፊት አቁሙ። «እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትፈርዱ ነበር?» በሏቸው። ክርክር ከተነሣ የሚሉትን ቅዱ፤ ከዚያ ውስጥ ለቪካርናም ለካርናም የሚሆን አነጋገር ታገኛላችሁ። ማን ማን እንደሆነ የጠፋባቸውን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ገጸ ባህሪ ይውጣ።

ለጣቢያ ወይም ለፕሮዲዩሰር ስታቀርቡ 39 ክፍል ጽፋችሁ አትሂዱ። ታሪኩን የሚያስረዳ ሁለት ገጽ፣ የዋና ገጸ ባህርያት ዝርዝር ከነዝምድናቸው በሥዕል፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ 13 ክፍሎች እያንዳንዳቸው በአንድ አንቀጽ፣ ሙሉ ስክሪፕት ደግሞ ለሦስት ክፍል ብቻ፦ አንደኛው፣ የካርና አደባባይ ያለበት፣ የቁማሩ። ከተቻላችሁ መልእክተኛው ኮሪደሩ ላይ የሚመላለስበትን ቀርጻችሁ በፍላሽ ያዙ። አንድ ኮሪደር፣ ሦስት አራት ተዋንያን፣ አንድ ካሜራ ነው የሚፈልገው፤ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል።